የጨጓራ ካንሰርና ኢሚዩኖቴራፒ፦ አባቷ ተቅማጣቸውን ለደበቁባት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ አባቴ የ63 ዓመት ሰው ናቸው። ከኢትዮጵያ መጥተው ሜሪላንድ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸውና ወደ ጉበት መዛመቱ ከታወቀ ጀምሮ ኒቮሉማብ የተባለውን ኢሚዩኖቴራፒ ፎልፎክስ ከሚባለው ኬሞ ጋር እየወሰዱ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የተነሡት ሲቲ ስካን ዕጢው መቀነሱን አሳይቷል። ነገር ግን ሳምንት ሙሉ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ሲያስቀምጣቸው እንደነበር በአጋጣሚ ደረስኩበት። «ለሐኪሙ ከነገርሽ መድኃኒቱን ያቆሙብኛል» አሉኝ። እኔም ከፋርማሲ ኢሞዲየም የተባለውን የተቅማጥ ማስቆሚያ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ትንሽ ልጠብቅ ወይስ ልናገር? መድኃኒቱስ ያድናል ወይስ ዕድሜ ብቻ ነው የሚጨምረው? ዘመዶቻችን ጨጓራው ተቆርጦ ለምን አይወጣም ይላሉ፤ እሳቸው ደግሞ መጾምና አገር ቤት ደርሰው መምጣት ይፈልጋሉ።

ምላሽ፦

አይጠብቁ። ይህን አንብበው እንደጨረሱ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ካንሰር ክሊኒኩ ደውለው ተረኛውን ሐኪም ወይም ነርስ ያነጋግሩ። ሌሎቹ ጥያቄዎችዎ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህኛው ግን አይቆይም። ሰገራቸው ደም ወይም ንፍጥ ካለበት፣ ሆዳቸውን አጥብቆ የሚቆርጣቸው ከሆነ፣ ትኩሳት ካላቸው ወይም ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ ስልኩ መልስ እስኪያገኝ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። እዚያ ሲደርሱም አስቀድመው የሚናገሩት «ኒቮሉማብ የተባለ ኢሚዩኖቴራፒ ላይ ናቸው» የሚለውን ይሁን። «ኬሞ ላይ ናቸው» ብቻ ከተባለ ተረኛው ሐኪም የሚያስበው ሌላ፣ የሚያዘውም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ይህን ያህል የማስቸኩልዎ መድኃኒቱ ከኬሞ በተለየ መንገድ ስለሚሠራ ጉዳቱም በተለየ መንገድ ስለሚመጣ ነው። ኬሞ በፍጥነት የሚራቡ ሕዋሳትን በቀጥታ ይገድላል፤ ካንሰሩን ሲመታ የአንጀትን ሽፋንና የደም ሕዋሳትንም አብሮ ይመታል፤ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ቀናት ካሠቃየ በኋላ ሰውነት ቀስ በቀስ ያገግማል። ኒቮሉማብ ግን የካንሰሩን ሕዋስ ራሱ አይነካም። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት በላያቸው ላይ ፒዲ-1 የተባለ፣ እንደ ፍሬን የሚያገለግል መቀበያ አላቸው፤ ካንሰሩ ይህን ፍሬን እየረገጠ ያስቆማቸዋል፤ መድኃኒቱም የሚሠራው እንዳይረገጥ በመከልከል ነው። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ታሱኩ ሆንጆ ፒዲ-1ን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ያደረጉ ሲሆን፣ በ2018 ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚሁ ዘርፍ በሠሩት ሥራ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተለቀቁት ሕዋሳት ካንሰሩን ብቻ ለይተው አያጠቁም። አንጀትን፣ ቆዳን፣ ጉበትን፣ ሳንባን፣ ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎችን፣ አልፎ አልፎም ልብን ሊያጠቁ ይችላሉ፤ ይህም ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ፣ ሕክምናው ከቆመ ከወራት በኋላም ሳይቀር፣ ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ ከኬሞ የለመዳችሁት «ጥቂት ቀን ታግሠን እናሳልፈው» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም። በራሱ መከላከያ የተጠቃ አንጀት በትዕግሥት አይበርድም፤ ችላ ከተባለ እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል።

ሐኪሞች የተቅማጥን ክብደት የሚለኩት ሰውየው ቀድሞ ከነበረው ልማድ በላይ ስንት ጊዜ እንደጨመረ በመቁጠር ነው። ጭማሪው በቀን ከ4 ጊዜ በታች ከሆነ ቀላል፣ ከ4 እስከ 6 ከሆነ መካከለኛ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። አባትዎ በደኅናው ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ይወጡ ከነበረ አሁን መካከለኛው ደረጃ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ኢሞዲየሙ ቁጥሩን ዝቅ ካደረገው ደግሞ እውነተኛው ደረጃ ከሚታየው ሊከፋ ይችላል። ኢሞዲየም መስጠትዎ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ለኬሞ ተቅማጥ የካንሰር ነርሶች ራሳቸው የሚያዙት መድኃኒት ነው። ችግሩ ምልክቱን እየሸፈነ የአንጀቱን መቆጣት እንዳለ መተዉ ነው። ስለዚህ መቼና ምን ያህል እንደወሰዱ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ከእንግዲህ ያለ ትእዛዝ አይስጧቸው።

በፎልፎክስ ውስጥ ያለው ፍሎሮዩራሲል የተባለው ኬሞም በራሱ ተቅማጥ ስለሚያመጣ ሐኪሙ ሁለቱን መለየት ይኖርበታል። የሰገራና የደም ምርመራ ያዝዛል፤ ኢንፌክሽን አለመኖሩን ያጣራል፤ ካስፈለገም አንጀቱን በካሜራ ያያል። ጥፋቱ የኢሚዩኖቴራፒው ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱ የመከላከያውን ቁጣ የሚያበርደው ስቴሮይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶን በክብደት ተሰልቶ ይጀመርና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። በጥቂት ቀናት ካልተሻላቸው ኢንፍሊክሲማብ ወይም ቬዶሊዙማብ የተባሉ ጠንከር ያሉ መድኃኒቶች ይጨመራሉ። ስቴሮይዱ ሲጀመር ተቅማጡ በፍጥነት ሊቆም ስለሚችል ብዙ ቤተሰብ «ዳነ» ብሎ ኪኒኑን በራሱ ያቋርጣል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ መቆጣቱ ያገረሻል፣ በድንገት የተቋረጠ ስቴሮይድም በራሱ ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ አደጋ አለው።

አሁን ወደ አባትዎ ፍርሃት ልምጣ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። «ያቆሙብኛል» ማለታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ መካከለኛ ደረጃ ላይ ሐኪሙ የሚቀጥለውን መርፌ በእርግጥ ያዘገየዋል። ነገር ግን የማዘግየቱ ዓላማ እንደገና መጀመር እንዲቻል ነው። ተቅማጡ ሲቆምና የስቴሮይዱ መጠን በቀን ወደ 10 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ብዙ ታካሚዎች ወደ መድኃኒታቸው ይመለሳሉ። ለዘለቄታው የሚከለከሉት በአብዛኛው ጉዳቱ ለሕይወት ወደሚያሰጋ ደረጃ ከደረሰ በኋላ የመጡት ናቸው። ስለዚህ አባትዎ በመደበቃቸው የሚጠብቁት መስሏቸው የሚያጡት ያንኑ መድኃኒት ነው፤ በዚሁ ቃል ይንገሯቸው። ደግሞም በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ቢቋረጥባቸው እንኳ የነቃው መከላከያ ወዲያው ስለማይተኛ ጥቅሙ ለወራት የሚዘልቅላቸው ሰዎች አሉ።

ከፍርሃቱ ሌላ ይሉኝታም አለ ብዬ እገምታለሁ። የእሳቸው ትውልድ አባት ስለ ሰገራው ለሴት ልጁ አይናገርም፤ በሕክምናው ክፍል የምታስተረጉመው ያቺው ልጅ ከሆነች ደግሞ ሐኪሙም ሳይሰማ ይቀራል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ለታካሚው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ በሕግ ተጥሎባቸዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይገኛል። ከሚቀጥለው ቀጠሮ ጀምሮ ይህን ይጠይቁ፣ እርስዎም ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ይውጡ። በእኔ ግምት ይህ አንድ እርምጃ ከብዙ ምክር ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ላያስበው ስለሚችል እርስዎ ያስታውሱት። ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት፣ ጊዜ ከሌለም እየተጀመረ፣ አባትዎ ስትሮንጂሎይድስ ለተባለው የአንጀት ትል የደም ምርመራ ያድርጉ። ይህ ትል በባዶ እግር ከአፈር የሚገባ፣ በሰው አንጀት ውስጥ ራሱን እያባዛ ለአሥርት ዓመታት ያለ ምልክት መኖር የሚችል ነው፤ በስቴሮይድ መከላከያው የደከመ ሰው ላይ ግን በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። በተራ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል፤ ሕክምናው ግን ኢቨርሜክቲን የተባለ ቀላል ኪኒን ነው። እንዲሁም የሄፓታይተስ ቢና የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሕክምናው ሲጀመር ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ኬሞውም ስቴሮይዱም የተኛን ሄፓታይተስ ቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ኢንፍሊክሲማብ ደግሞ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ያለ ምርመራ አይሰጥም። «ዕድሜዬን የኖርኩት ኢትዮጵያ ነው» የሚለው አረፍተ ነገር በአባትዎ የሕክምና መዝገብ ላይ ጎልቶ መጻፍ አለበት።

ተቅማጡ አንድ ምሳሌ ነው። የቀሩት የኢሚዩኖቴራፒ ጉዳቶችም በቤት ውስጥ ሌላ ስም እየተሰጣቸው ሲያልፉ አይቻለሁ። ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር «ብርድ መታቸው» ይባላል፤ የሳንባ መቆጣት ሊሆን ይችላል። የዓይን ቢጫ መሆን «የወፍ በሽታ» ተብሎ ሥራ ሥር ይቀመምለታል፤ ጉበቱ በራሱ መከላከያ እየተጠቃ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ወይም ሥር ሲጨመርበት ሐኪሙ ጉበቱን የጎዳው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ጸበላቸውን መጠመቅ ይችላሉ፤ መድኃኒታቸውን ግን ለጸበሉ ብለው አያቋርጡ፣ ከሰው ተቀብለው የሚጠጡትንም ሁሉ ለሐኪሙ ያሳውቁ። የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የዐይን ቆብ መውረድ ከታየ፣ እምብዛም የማያጋጥም ቢሆንም፣ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ድንገት የመጣ የውኃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናትም የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመር።

ከሁሉም ይበልጥ ቤተሰብን የሚያሳስተው ግን ድካም ነው። ታካሚው ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው ሁሉም «በሽታው በረታበት» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ነገር ግን መድኃኒቱ የታይሮይድ ዕጢን ሲያደክም ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሆድ ድርቀት ይመጣል፤ ፒቱታሪ ወይም አድሬናል የተባሉትን ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች ሲነካ ደግሞ ከባድ ድካም፣ ማስመለስና የደም ግፊት መውረድ ይከተላል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ በየቀኑ በሚወሰድ ርካሽ ኪኒን ይተካሉ፣ ኢሚዩኖቴራፒውም ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። የተጎዳው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ በአብዛኛው ስለማያገግም ኪኒኑ የዕድሜ ልክ ነው፤ ሆኖም ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ድካም ሲመጣ «የታይሮይድና የኮርቲዞል (የአድሬናል ሆርሞን) ምርመራ ተሠርቷል?» ብለው ይጠይቁ።

መድኃኒቱ ያድናል ወይ ላሉት፣ ካንሰሩ ወደ ጉበት ከተዛመተ በኋላ የሕክምናው ዓላማ በአብዛኛው በሽታውን መግታት፣ ዕድሜን ማራዘምና ኑሮን ማቅለል ነው። ኒቮሉማብ ከኬሞ ጋር በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ሲሆን፣ መሠረቱ ቼክሜት 649 የተባለው ሰፊ ጥናት ነበር። ፒዲ-ኤል1 ካንሰሩ ያንን የፒዲ-1 ፍሬን የሚረግጥበት ፕሮቲን ነው፤ ሲፒኤስ የሚባለው የዚህ ፕሮቲን መለኪያ 5 እና ከዚያ በላይ በሆነላቸው ታካሚዎች፣ ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ በኬሞ ብቻ 11.1 ወር የነበረው ኢሚዩኖቴራፒ ሲጨመር 14.4 ወር ሆነ። ይህ ብቻውን ሲታይ ጥቂት ይመስላል። የመድኃኒቱን ጠባይ ይበልጥ የሚያሳየው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የታየው ነው፦ በኬሞ ብቻ ከ100 ሰው 10 ያህሉ በሕይወት ሲገኙ፣ በጥምሩ 21 ተገኝተዋል። ይህ መድኃኒት ለሁሉም እኩል ትንሽ ትንሽ አይሰጥም፤ ለብዙዎቹ ጥቂት ይጨምራል፣ ለአንዳንዶቹ ረጅም ዓመታት ይሰጣል። አባትዎ ከየትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ የሚናገር ሰው ካገኙ አይመኑት።

ይሁን እንጂ ፍንጭ የሚሰጡ ምርመራዎች አሉ፤ ውጤታቸውን በወረቀት ይጠይቁ። የሲፒኤስ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የኢሚዩኖቴራፒው ጥቅም ይጨምራል፤ ከ1 በታች ሲሆን ጥቅሙ እጅግ አጠራጣሪ በመሆኑ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ለእነዚህ ታካሚዎች እንዳይሰጥ በአብላጫ ድምፅ መክሯል። የካንሰሩ ሕዋሳት የዲኤንኤ ስሕተታቸውን ማረም ያቃታቸው መሆኑን የሚያሳየው ኤምኤስአይ የተባለው ምርመራ «ከፍተኛ» ካለ ደግሞ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ከተዛመተ የጨጓራ ካንሰር ውስጥ በጣም ጥቂቱ ብቻ እንዲህ ቢሆንም፣ ለኢሚዩኖቴራፒ ከሁሉም በላይ ምላሽ የሚሰጠው እርሱ ነው። ኸር2 እና ክላውዲን 18.2 የተባሉት በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ የሚገኙ ምልክቶችም የራሳቸው መድኃኒት ስላላቸው መታየት አለባቸው።

ዘመዶችዎ ጨጓራው ይውጣ ማለታቸው ከቅን ልብ ነው፤ ነገር ግን ጨጓራውን ማውጣት ጉበት ላይ ያለውን አያወጣም። በጃፓን፣ በደቡብ ኮሪያና በሲንጋፖር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ተዛምቶ ሳለ ጨጓራውን አስቀድሞ ቆርጦ ኬሞ መስጠት ከኬሞ ብቻ የበለጠ ዕድሜ እንዳልጨመረ አሳይቷል። ቀዶ ሕክምናው ቦታ የሚኖረው ዕጢው የማይቆም ደም ሲያፈስ ወይም መተላለፊያውን ሲዘጋ ነው፤ ያኔም በካሜራ የሚገባ ቱቦ ወይም ጨረር ብዙ ጊዜ ይቀድማል።

ጾሙን በተመለከተ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ ከእኔ ቃል ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቃል እንደሚሰማቸው ስለማውቅ እሳቸውን ያነጋግሩልኝ። ከሕክምናው አንጻር ግን ተቅማጡ እስኪቆም ድረስ ጨርሶ አይሞከርም፤ ስቴሮይድ ላይ እስካሉም ኪኒኑ ጠዋት ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት አይቻልም። ከዚያ በኋላ አለመጾሙን ልባቸው ካልተቀበለ፣ ሰዓቱን ትተው ከፍስክ ምግብ ብቻ ቢታቀቡ ይሻላል፤ በሽሮ፣ በምስር፣ በለውዝና በአጥሚት ገንቢ ምግብ ማግኘት ይቻላል፣ ክብደታቸው መውረድ ከጀመረ ግን እንቁላልና እርጎ ይመለሱ። በማንኛውም ጊዜ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ይብሉ። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ኬሞ እስካለ ድረስ ይቅር፤ በፎልፎክስ ውስጥ ያለው ኦክሳሊፕላቲን የተባለው ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ቀናትም ቀዝቃዛ መጠጥ ጉሮሯቸውንና ጣታቸውን ስለሚወጋቸው ለብ ያለ ይጠጡ።

ወደ አገር ቤት መሄዱ የማይሆን ነገር አይደለም፣ አሁን ግን ጊዜው አይደለም። ስቴሮይዱ አልቆ፣ መድኃኒቱ ተመልሶ፣ ከዚያ በኋላ የተነሡት ስካን ደኅና ሲሆን ከሐኪሙ ጋር ቀን ይቁረጡ። ኦክሳሊፕላቲን የእግርና የእጅ ነርቭን ስለሚጎዳ ከወራት በኋላ መቆሙ የተለመደ ነው፤ ኒቮሉማቡ ደግሞ ካንሰሩ ካላደገ እስከ ሁለት ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ለጉዞ የሚመቸው የመርፌው ክፍተት ሊሰፋ በሚችልበት በዚያ ወቅት ነው። አዲስ አበባ ደርሰን እዚያ እንወስዳለን ብለው ግን አያቅዱ፤ ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ሆስፒታሎች የካንሰር ሐኪሞች ቢኖሩም እነዚህ መድኃኒቶች በመደበኛነት እንደሚገኙ ታስቦ ጉዞ አይደረግም። የመድኃኒቱን ስም፣ የመጨረሻውን ቀንና «አዲስ ምልክት ሁሉ የኢሚዩኖቴራፒ ጉዳት ሊሆን ይችላል» የሚል ደብዳቤ ከሐኪሙ አስጽፈው ይያዙ። የቢጫ ወባ ክትባት በሕይወት ካለ ቫይረስ የሚሠራ ስለሆነ ሐኪማቸው ሳይፈቅድ አይከተቡ። የጨጓራ ካንሰር ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ዋነኞቹ አንዱ ነውና በረጅሙ በረራ በየጊዜው ተነሥተው ይንቀሳቀሱ፤ አንድ እግር ብቻውን ካበጠ በዚያው ቀን ይታይ።

በመጨረሻም ያልጠየቁትን ልጨምር። እርስዎና ወንድሞችና እህቶችዎ፣ አገር ቤት ያሉትም ጭምር፣ ለኤች ፓይሎሪ ይመርመሩ። ይህ የጨጓራ ባክቴሪያ ለበሽታው ዋነኛው ምክንያት ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥ በሰፊው ይገኛል። በደቡብ ኮሪያ የቅርብ ዘመዳቸው በጨጓራ ካንሰር በታመመባቸው ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ ባክቴሪያውን ለማጥፋት መድኃኒት ከወሰዱት 1.2 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 2.7 በመቶ በካንሰሩ ተይዘዋል። ምርመራው በትንፋሽ ወይም በሰገራ የሚሠራ ሲሆን፣ ከተገኘ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላም መጥፋቱ በድጋሚ ምርመራ ይረጋገጣል።